በሞተሩና በገብርኤል መካከል

በግንቦት ወር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በድሬዳዋ የከዚራ ሰፈር ሱቆች በራቸውን ዘግተው ባለሱቆቹ ሽርጣቸውን እንደ ታጠቁ በየበረንዳው ጋደም ባሉበት፣ ውሾች እንኳ ከአንዱ የኒም ዛፍ ጥላ ወደ ሌላው ለመሻገር በሚያመነቱበት ሰዓት፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ቆማ ባገኘኋት አንዲት ያረጀች ፔዦ 404 ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ ስሄድ፣ የቀኝ እግሬ ጫማ መቅለጥ ጀመረ። ቀደም ብሎም አንዳች የሚያቃጥል ነገር ተሰምቶኝ ነበር፤ ነገር ግን በድሬዳዋ በግንቦት ወር «ሞቀኝ» ብሎ መናገር ወንዝ ውስጥ ቆሞ «ረጠብኩ» እንደ ማለት ስለሚቆጠር፣ አፌን ይዤ ቆየሁ። ኋላ ግን እግሬን ላነሣ ብል ጫማዬ ከምንጣፉ ላይ እንደ ማስቲካ እየተሳበ ሲላቀቅና የጎማው ሽታ ከአፍንጫዬ ሲደርስ ጊዜ፣ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ሹፌሩን ጠየቅሁት። እርሱም ዐይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ «አቦ ጋሼ፣ እግርህን ወደ በሩ ጠጋ አድርግ እንጂ! እዚያ ጋ ቀዳዳ አለች» አለኝ።

«ጋሼ» ካለኝ በኋላ «እግርህን» ማለቱን የደጋ አንባቢዬ እንዳይቀየምለት። አንቱታ በድሬዳዋ እንደ ካፖርት ነው፤ የደጋ ሰው ለብሶት ይመጣል፣ በሁለተኛው ቀን አውልቆ ሻንጣው ውስጥ ይከተዋል።

ቀዳዳዋ የመኪናዋ ጥፋት አልነበረችም። ፈረንሳዮች ይህን ዓይነት መኪና እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1975 በአገራቸው ሲሠሩ፣ በሞተሩና በተሳፋሪው መካከል ደኅና የብረት ግድግዳ አቁመውለት ነበር፤ ይሁን እንጂ መኪናዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር አንዱ ለራዲዮ ሽቦ፣ ሌላው ለጥሩምባ፣ ሦስተኛውም ለምን እንደ ሆነ ራሱ ባልተረዳው ምክንያት ስለ በሱት፣ ግድግዳው እየዋለ እያደረ ወንፊት ሆነ። ከቀዳዳዎቹ ሁሉ ትልቋ በአሮጌ ካልሲ ተወትፋለች። ከካልሲው በላይ፣ በዳሽቦርዱ ላይ፣ የቁልቢ ገብርኤል ሥዕል ተለጥፎ፣ መልአኩ ክንፎቹን ዘርግቶ አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከዕቶነ እሳት ሲያድን ይታያል። እንግዲህ በቤንዚን ነበልባልና በእኔ ጉልበት መካከል የቆሙት ጠባቂዎች ሦስት መሆናቸውን በዚያች ሰዓት ተረዳሁ፤ አንድ የተበሳ ላሜራ፣ አንድ ካልሲ፣ አንድ ሊቀ መላእክት።

ከኋላ ወንበር የተቀመጠው የእኅቴ ልጅ አንገቱን በመካከላችን አስግጎ፣ «አጎቴ፣ አሁን ገባህ? እኔ ስለዚህ ነው የምጨነቀው» አለኝ። «አንተ ከባሰብህ አስቁመህ ትወርዳለህ። እኔ ሰማይ ላይ ወዴት እወርዳለሁ?»

የእኅቴ ልጅ ከሦስት ዓመት ወዲህ በሳቢያን ሰፈር በእናቱ ግቢ ውስጥ አውሮፕላን ይሠራል። አውሮፕላን ስል ግን አንባቢ በኅሊናው ክንፍና ጅራት እንዳይስልበት እለምናለሁ፤ እስከ ዛሬ ያለው፣ በእንጨት ወፍራም እግሮች ላይ የተቀመጠ አንድ የቮልስዋገን ሞተር፣ ከበስተኋላው አንድ ሰው ተጨብጦ የሚቀመጥበት የብረት አጽም፣ ከዚህም ሌላ እናቱ የልብስ ማስጫ ያደረገችው አንድ ረጅም ቱቦ ነው። ክንፉ ገና በሥዕል ነው ያለው። ይህንንም ክንፍ በደብተር፣ በካርቶን፣ በግቢው በር፣ አንድ ጊዜም በእኔ የመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ደጋግሞ ስለ ነደፈው፣ ክንፍ በመሣል ረገድ በድሬዳዋ እርሱን የሚያህል ይገኛል ብዬ አላምንም።

ይህ ምኞት ከወዴት ተጋባበት ብሎ ለሚጠይቀኝ ዘመድ ሁሉ፣ በአገራችን የቆየ ደዌ ነው እያልሁ እመልሳለሁ። ፖቴዝ 25 የምትባል የፈረንሳይ አውሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥታ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ካረፈች ገና ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ረዳቶቹ ጋር በዚያችው ከተማ አንዲት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ሠርቶ፣ በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰይማ፣ በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በረረች። ሞተሯ ቫልተር ቬነስ የሚባል፣ ሰባት ሲሊንደሮቹ እንደ ኮከብ ጨረር ዙሪያውን የተዘረጉ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር፤ ከነሲሊንደሩ በነፋስ ፊት ስለ ተሰቀለም ነፋሱ ራሱ እንደ አሽከር ያራግብለት ነበር። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ማርኮ ወሰዳትና፣ በባዕድ ቤተ መዘክር ብዙ ዘመን ቆይታ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች። ከእርሷም ወዲህ አስመላሽ ዘፈሩ የተባለው ወጣት፣ ጥበቡን ከመጻሕፍትና ከዩቱብ ቀስሞ፣ አሮጌ የቮልስዋገን ሞተር ገጥሞ፣ በገዛ እጁ የሠራትን አውሮፕላን ኬ-570ኤ ብሎ ሰየማት፤ ኬ የእናቱ ስም መነሻ ነው፣ 570 ደግሞ ሥራው የፈጀው የቀን ቁጥር ነው። ወሬው በ2008 ዓ.ም. አገር ላገር ሲዞር የእኅቴ ልጅ ገና ተማሪ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቮልስዋገን ባየ ቁጥር ዐይኑ ከመኪናው ላይ ሳይሆን ከኋላ ክዳኑ ላይ ያርፋል። የእርሱ አውሮፕላን በቀን ቁጥር ይሰየም ቢባል ግን ከአሁኑ አራት አኃዝ ስለ ደረሰ፣ በጅራቱ ላይ ቦታ አይበቃም።

ድሬዳዋ ደግሞ ለዚህ ሥራ ከአገር ሁሉ ተመርጣ የተሰጠች የፈተና ምድር ናት። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ የሳሳ አየርም ክንፍ አይሸከም፣ ሞተር አያጠግብ፣ ሲሊንደር አያበርድ። የአውሮፕላን ማረፊያችን ከባሕር ወለል በላይ 1,170 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ሲሆን፣ በጥላ ሥር ያለው ሙቀት 35 ዲግሪ በገባ ጊዜ ግን አውሮፕላኑ ራሱን የሚያገኘው ከ2,100 ሜትር በላይ ባለ አየር ውስጥ ነው። ሐረር 1,900 ሜትር ያህል ስለ ሆነች፣ ድሬዳዋ በግንቦት ከሰዓት በኋላ፣ በአውሮፕላን ሚዛን፣ ከሐረር በላይ ትወጣለች ማለት ነው። ይህን ምሥጢር ለአንድ የሐረር ተወላጅ ወዳጄ ብገልጥለት ሦስት ቀን አኮረፈኝ።

እኔ ራሴ፣ ዕድሜዬን ሁሉ በዚህች ከተማ የኖርሁ ስለ ሆንሁ፣ ሙቀትና እሳት የአንድ አባት ልጆች፣ ምናልባትም ታላቅና ታናሽ ይመስሉኝ ነበር። መምህሮቻችን አራቱን ባሕርያት ሲያስተምሩ፣ መሬት ቆሪርና ይቡስ፣ ውሃ ቆሪርና ርጡብ፣ ነፋስ ውዑይና ርጡብ፣ እሳት ግን ውዑይና ይቡስ ነው ይላሉ፤ እኔም ድሬዳዋን በዚህ ሚዛን መዝኜ ከአራቱ በአንዱ ብቻ የተፈጠረች ናት ስል ኖሬአለሁ። የእኅቴ ልጅ ግን አውሮፕላን ሠሪዎች የጻፉትን ሁሉ አንብቦ፣ ሁለቱ ጨርሶ የማይገናኙ ጠላቶች መሆናቸውን አስረዳኝ። ሙቀት የዘወትር ነው፤ ከጭስ ማውጫው ቱቦ ተነሥቶ እግርህን ይለበልባል፣ የቤንዚኑን መስመር ያፈላል፣ ሽቦውን ያደርቃል፣ አንተንም ያነጫንጭሃል። እሳት ግን እንደ ዕለተ ምጽአት ቀኑ አይታወቅም፤ የመጣ እንደ ሆነ ደግሞ እግርህን እለበልባለሁ አይልም። ከሙቀት የሚያሳርፍህ ዕቃ ለስላሳ፣ ቀላል፣ ርካሽም ሊሆን ይችላል፤ ዳሩ ግን ይኸው ለስላሳ ወዳጅህ በእሳት ቀን መጀመሪያ የሚክድህ እርሱ ነው፤ ይነድዳል፣ ጭሱንም በፊትህ ላይ ይነፋብሃል። ሰማይ ላይ ያለ ሰው ከነበልባሉ በፊት የሚገድለው ይህ ጭስ ነው።

አሜሪካኖች በፋብሪካ ለሚሠሩ ትናንሽ አውሮፕላኖች ባወጡትና እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር እስከ 2017 በሠራው ደንብ፣ በሞተሩና በአብራሪው መካከል የሚቆመው ግድግዳ 1,093 ዲግሪ ያህል ነበልባል ለ15 ደቂቃ ችሎ፣ እሳቱን ሳያሳልፍ መቆም ነበረበት። ያለ ፈተና ይታመኑ ከነበሩት አንዱ ውፍረቱ ከ0.38 ሚሊሜትር ያላነሰ የማይዝግ ብረት ነበር። በግል የሚሠሩት ሰዎች በዚህ ደንብ ባይገደዱም፣ ነፍሳቸውን የሚወዱት ይከተሉታል። ሩብ ሰዓት የተባለው አውሮፕላኑ ወርዶ መሬት እስኪነካ ድረስ ነው። እኔ ግን ይህን ስሰማ አሳቤ ወደ ሌላ ሄደ፤ በድሬዳዋ ሩብ ሰዓት ሰው ሊያገኝህ ቀጥሮ ቢቀር ይቅርታ እንኳ የማይጠይቅበት ጊዜ ነውና፣ ይህች ከቁጥር የማትገባ ሩብ ሰዓት ለአንድ ሰው ዕድሜው ሁሉ ልትሆን መቻሏ ገረመኝ።

ለዚህ ግድግዳ የሚሆን ዕቃ ፍለጋው እንዲህ ተጀመረ። በመጀመሪያ የሄድነው በጎረቤታችን ዘንድ ነው፤ እኒህ ሰው በባቡር ጣቢያው አቴሊዬ በሚባለው የጥገና ሥራ ቤት እስከ ጡረታ ያገለገሉ፣ አማርኛቸው ሲሦው ፈረንሳይኛ የሆነ፣ ወጣቱን ሁሉ «ሙሴ» ብለው የሚጠሩ አዛውንት ናቸው። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ከመጣው ሐዲድ ጋር የተወለደች ስለ ሆነች፣ ስለ እሳትና ብረት የሚጠየቅ ነገር ሁሉ ከአቴሊዬ ይጀምራል። ሰውዬው ጥያቄውን ሰምተው ሳይጨርሱ፣ «አሚያንት ነዋ፣ ሙሴ!» አሉ። «አሚያንት ካገኘህ ሲኦልን በጨርቅ ትጠቀልላለህ! ድሮ የባቡሩ ድስት የሚለብሰው ይህ ነው»፤ እንዲህ ብለውም ለረጅም ጊዜ ሳሉ። አሚያንት የሚሉት አስቤስቶስን ነው። በእውነትም በእንፋሎት ባቡር ዘመን፣ በብዙ አገር፣ የባቡሩን ማፍያ የሚያለብሱት በእርሱ ነበር፤ እሳት አይፈራም፣ እንደ ጥጥም ይፈተላል። ነገር ግን የማይታየው ብናኙ በሳንባ ገብቶ አይወጣም፤ ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ ዓመትም ቢሆን ታግሦ ይገድላል። የእኅቴ ልጅ ይህን በትሕትና ሲነግራቸው አዛውንቱ፣ «እንዴት ነው ነገሩ፣ ሙሴ፣ ሰማንያ ሊሞላኝ ነው እኮ!» ብለው ተከራከሩ፤ እኔም የሳላቸውን ነገር ላነሣ ከአፌ ደርሶ መለስሁት።

ሌላው መካሪ ስለ ሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ የሚያውቅ ሰው ነበር። በምድጃው ውስጥ ድንጋዩ 1,450 ዲግሪ ያህል እየጋለ ጡቡ እንደሚቆም ነግሮን፣ የእሳት ጡብ ደርድሩበት አለን። አንዲቱ ጡብ ከሦስት ኪሎ በላይ ትመዝናለች። ምክሩን በምስጋና ተቀብለን፣ ምናልባት ወደ ሰማይ የማይወጣ አውሮፕላን በሠራን ጊዜ እንደምናስበው ነገርነው።

ወደ ቀፊራ ገበያ የወረድነው በማግሥቱ ነው። የእኅቴ ልጅ ከተሰበረ የሙዚቃ ድምፅ ማጉያ ያወጣውን ማግኔት በክር አንጠልጥሎ፣ እንደ ዕጣን ማዕጠንት እያወዛወዘ፣ በየብረታ ብረቱ ክምር ፊት ያልፋል። ማግኔቱ ከተጣበቀ ተራ ብረት ነው፤ ካልተጣበቀ፣ ብረቱም ከከበደ፣ ደኅናው ስቴንለስ ሊሆን ይችላል። ማግኔት የሚስበው ስቴንለስም ስላለ ፈተናው ፍጹም አይደለም፤ ለነጋዴዎቹ ግን ከበቂ በላይ ነበር፤ አንዱ ነጋዴ ሌባ የሚያውቅ አስማት መስሎት ሱቁን ሊዘጋ ደርሶ ነበር። አሉሚኒየም በየመደብሩ ሞልቷል፤ ቀላል ነው፣ ይታጠፋል፣ ያብረቀርቃል፣ ርካሽም ነው፤ በ660 ዲግሪ ግን እንደ ቅቤ ይቀልጣል፣ ከሞተር የሚወጣው ጢስ ብቻውን 700 እና 800 ዲግሪ ይደርሳል። የቤት ቆርቆሮ ደግሞ ብረቱ ባልከፋ፤ የተለበጠበት ዚንክ ግን እሳት ሲነካው ነጭ ጢስ ሆኖ ይነሣል፤ ብየዳ ሠራተኞች ይህን ጢስ ሲስቡ ማታ ያንቀጠቅጣቸዋል፣ ስለዚህም ወተት ይጠጣሉ። ወተቱ ያድናቸው እንደ ሆነ አላውቅም፤ ወተት ይዞ የሚበር አብራሪ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ከሁሉ ልቤን የማረከው ታይዋን በሚባለው የከተማችን ገበያ ያገኘነው ባለ ብርማ ፊት ስፖንጅ ነው። ልጁ ገና ሳይጠይቅ ነጋዴው፣ «አቦ ይህ በረዶ ነው! ሞተር ላይ ለጥፈው፣ ፍሪጅ ይሆንልሃል!» አለ። እጄን አሳረፍሁበት፤ በእውነትም ቀዝቃዛ መሰለኝ። የፔዦዋን ወለል፣ የመኝታ ቤቴን ጣሪያ፣ ከተቻለም ከተማይቱን በሙሉ በእርሱ ለመለበጥ አሰብሁ። የእኅቴ ልጅ ግን ከጥግ ቁራሽ ቆርጦ ክብሪት ጫረበት። ጥቁር ጭስ ተነሣ፣ ነጋዴው ጮኸ፣ እኛም የቁራሹን ዋጋ በእጥፍ ከፍለን ሄድን።

ቁርጡ የታወቀው በሰኔ አንድ ምሽት፣ በእኅቴ ግቢ፣ ጎረቤት ሁሉ ወንበሩን ይዞ ለነፋስ በወጣበት ሰዓት ነው። የእኅቴ ልጅ ከጣሪያ ሠራተኛ የተዋሰውን የጋዝ ችቦ ከሲሊንደሩ ጋር አያይዞ፣ ያንኑ የልብስ ማስጫ ቱቦ መስቀያ አድርጎ፣ የየዕቃውን ናሙና በሽቦ አንጠለጠለበት። አዛውንቱ የአቴሊዬ ሰው የክብር ወንበር ተሰጣቸው። ባለ ፔዦውም ወሬ ሰምቶ መጥቷል። እኔ ሰዓት ያዥ ተባልሁ፤ ስፖንጁ መጀመሪያ ወጣ፣ ወዲያውም ወረደ፤ እኅቴ የሰቀለችው አንሶላ ግን ሽታውን እስከ ፍልሰታ ይዞ ነበር። አሉሚኒየሙ ሰዓቴን ወደ ፋኖሱ አዘንብዬ መነጽሬን እስካስተካክል ድረስ አልታገሠኝም፤ ቀና ስል መካከሉ ተነድሎ በቀዳዳው የአዛውንቱ ፊት ይታያል። ቆርቆሮው ነጭ ጢሱን ሲለቅ ሰው ሁሉ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ፣ አንዲት ጎረቤትም እውነት እውነት ወተት ይዛ መጣች።

የስቴንለሱ ናሙና ስለ አነሰ፣ ይህን በጊዜው ለባለቤቴ ሳልነግር፣ ከቤቴ አንድ ትሪ ይዤ መጥቼ ነበር። ነበልባሉ ሲነካው ቀላ፣ ጥቂት ጎበጠ፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ፣ ቀጥሎም ወይን ጠጅ፣ ቀጥሎም ሰማያዊ ሆነ፤ ሩብ ሰዓቱን ግን ቆመ። የግቢው ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ እኔም ትሪው የእኔ በመሆኑ ልቤ ኮራ። የእኅቴ ልጅ ግን ፊቱ አልፈታም። ጋዜጣ ዘርግቶ ከትሪው ጀርባ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ያዘው፤ ወረቀቱ ነበልባሉ ሳይደርስበት እየቆየ ቡናማ ሆነ፣ ጫፉም ተጠቀለለ። «አጎቴ፣ እሳቱ አላለፈም፤ ግን የጋለው ብረት በራሱ ፀሐይ ሆነ» አለኝ። «ከዚህ ወረቀት ቦታ የእኔ ጉልበት ነው ያለው።»

እዚህ ላይ የቤቴ ጣሪያ ትዝ አለኝ። አባቶቻችን በከዚራ ሲሠሩ በቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ይወጥሩ ነበር፤ አቡጀዲም ይሁን ጣውላ፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን እንደ ምጣድ ስታግለው፣ በሁለቱ መካከል ያለው አየር በየቀዳዳው እየወጣ እየገባ ትኩሳቱን ይዞት ይሄዳል፣ ቆርቆሮው የሚያንጸባርቀውንም ኮርኒሱ በራሱ ላይ ይቀበለዋል። አንዱ ግድግዳ ለእሳቱ፣ ሌላው ለሙቀቱ፣ በመካከላቸውም ምንም የሌለበት ባዶ ስፍራ፤ ይህን ስነግረው የእኅቴ ልጅ ከተቀመጠበት ተነሥቶ አቀፈኝ። አንድ ሰው በስልሳ ሁለት ዓመቱ ስለ ኮርኒስ ተናግሮ ሲታቀፍ ምን ያህል ደስ እንደሚለው ያልደረሰበት አያውቀውም። እንደ ኋላ የተረዳሁት ግን፣ አውሮፕላን ሠሪዎች ይህን ካወቁት ብዙ ዘመን ነው፤ ብረቱን ያቆማሉ፣ በሞተሩ በኩል 1,200 ዲግሪ የሚያልፍ ትኩሳት የሚችል ነጭ የሴራሚክ ጥጥ ያለብሱታል፣ በዚያም ላይ ሌላ ስስ የማይዝግ ቅጠል ያደርጉበታል። ለስላሳውን ከሰው ወገን የለጠፈ ሰው፣ ብረቱ በጋለ ጊዜ ማጣበቂያው ጢሶ ያፍነዋልና፣ ጥጡ ከእሳቱ ወገን ይሁን ይላሉ። የጭስ ማውጫውን ቱቦ በጨርቅ መጠቅለል ቀላል መስሎ የታየኝን ግን አልወደዱትም፤ ቱቦው በግንቦት ጋቢ እንደ ተደረበበት ሰው ትኩሳቱ ወደ ራሱ ተመልሶ ይሰነጠቃል። ከሁሉ የሚያስጨንቃቸውም፣ የሚገርመው ነገር፣ ግድግዳው ሳይሆን ሽቦና ቱቦ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ናቸው፤ በአንድ የቀለጠ የጎማ ውታፍ ምክንያት የግድግዳው ሁሉ ድካም ከንቱ ይሆናል። ባለ ፔዦው ይህን ሲሰማ ካልሲው ትዝ ብሎት ዐይኑን ወደ መሬት አደረገ።

የትሪው ነገር እንዲህ በቀላሉ አላለፈም። ባለቤቴ ሰማያዊውንና ወርቃማውን ቀለም አንድ በአንድ ተመልክታ፣ «ሠላሳ አራት ዓመት ያላየሁትን ቀስተ ደመና ዛሬ በሠርጌ ትሪ ላይ አሳየኸኝ» አለችና፣ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ ቡናችንን በፕላስቲክ ላይ አቀረበችልን።

እውነተኛው ላሜራ በመጨረሻ ተገኘ፤ 0.4 ሚሊሜትር፣ ማግኔት የማይነካው። ግድግዳው ተቆርጦ ግማሽ ሜትር ካሬ ያህል ሲሆን ክብደቱ 1.6 ኪሎ ግራም መጣ፤ የዚያች የመከሩን ጡብ ግማሽ ያህል። የሴራሚኩን ጥጥ የዳቦ ቤት ምድጃ ከሚሠራ ሰው ገዝቶ፣ የጥጡም ብናኝ ለሳንባ መልካም አይደለምና አፉን ሸፍኖ አለበሰው። እነሆ አሁን በሳቢያን ሰፈር፣ ክንፍና ጅራት የሌለው፣ መብረሪያ ፈቃድ ያልተጠየቀበት፣ የእሳት ግድግዳው ግን የተሟላ አንድ አውሮፕላን አለ። ዘመዶቼ በዚህ ይሥቃሉ፤ ብዙ ሰው ከክንፉ ይጀምርና በመጨረሻ ስለ እሳቱ ያስባል፤ ከእሳቱ የጀመረውን የእኅቴን ልጅ እኔ አልሣቅሁበትም።

ባለፈው ሳምንት ባለ ፔዦው መኪናዋን በግቢው በር አቁሞ፣ ከላሜራው የተረፈውን ቁራጭ ለዚያች ቀዳዳ እንዲያደርጉለት ለመነ። ምንጣፉ ተነሣ፣ ካልሲው ወጣ፤ ቀድሞ ምን ቀለም እንደ ነበረ ማንም ሊያውቀው አልቻለም። ቁራጩ በሪቬት ተመታ፣ የማይፈለጉት ቀዳዳዎችም ተደፈኑ። በመጨረሻ ሹፌሩ ከደረት ኪሱ አዲስ የገብርኤል ሥዕል አውጥቶ፣ አሮጌው በሙቀት ተጠቅልሎ ስለ ነበር፣ ይህኛውን በሞተሩ በኩል ለጥፉልኝ አለ። የእኅቴ ልጅ ወረቀት በ230 ዲግሪ ገደማ እንደሚነድ በትዕግሥት አስረዳው።

«አቦ፣ አንተ ደግሞ!» አለ ሹፌሩ። «ገብርኤል ሦስቱን ልጆች ያዳናቸው ደጅ ቆሞ ነው እንዴ? እቶኑ ውስጥ ገብቶ ነው!»

ለጥያቄ ሁሉ በዲግሪና በሚሊሜትር ሲመልስ የኖረው ልጅ ዝም አለ። አዛውንቱ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «ሙሴ፣ ይህስ ልክ ነው» አሉ። ልጁ ጥቂት ካሰበ በኋላ ሚስማርና መዶሻ አምጥቶ፣ በማይዝገው ብረት ላይ፣ በሞተሩ በኩል፣ ሥዕሉን ነጥብ በነጥብ ሳይበሳ ይቀርጽ ጀመር። ጨርሶ ሲያሳየን ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። ሕፃናቱ ቦታ ስላነሳቸው ሁለት ብቻ ሆነዋል፤ የመልአኩ ፊት ትራፊክ ፖሊስ ይመስላል፤ ሰይፉም ማንኪያ ነው። ክንፎቹ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዲት ነጥብ አልሳተባቸውም።